የጤናዬ ሚዜ

ጤናዬ በሙሽርነት የገባችበት ቤት በር ከውጭ እንደሚቆለፍ ያወቀችው በማግሥቱ ጠዋት ነው። መጀመሪያ መዝጊያው የጠበቀ መስሏት ሳበችው። ቀጥላ በትከሻዋ ገፋችው። ያኔ ከወዲያ በኩል የቆመች ሴት ረጋ ብላ፣ «ተይ አንቺ ልጅ፣ በከንቱ ትከሻሽን አትጉጂ» አለቻት።

እጇ ላይ ያለው እንሶስላ ገና አልደበዘዘም። ከዳባት ወጣ ብላ ካለችው መንደራቸው እስከ ደባርቅ የመጣችው በእልልታና በጭብጨባ ነው። ባሏ ሰብስቤ አረብ አገር ሠርቶ የመጣ፣ አንደበቱ የታረመ፣ ሽማግሌ ሲያይ ከመቀመጫው የሚነሣ ጎልማሳ ነበር። ለትዳር ያማጡለትም አገር የሚያከብራቸው ሽማግሌዎች ናቸው። አባቷ መሪጌታ ፀጋው የቅኔ መምህር ናቸው። በአንዲት ቃል ሥር የተሸሸገ ምሥጢር ፈልፍለው የሚያወጡ ሰው፣ ፊት ለፊታቸው ተቀምጦ እንጀራቸውን የበላውን አማች ግን ሳያውቁት ቀሩ።

መሪጌታ የጠየቁት ሁለት ነገር ብቻ ነበር። ጋብቻው በቁርባን ይሁን፤ ሚዜውም አገር የሚያውቀው ሰው ይሁን። ሰብስቤ ለመጀመሪያው፣ «ቪዛዬ ሳያልፍ መመለስ አለብኝ፤ አሁን በሰማንያ እንጋባና በሚቀጥለው ስመጣ አብረን እንቆርባለን» ብሎ አግባባቸው። ሁለተኛውን በደስታ ተቀበለ፤ ሚዜም ፈልጎ አገኘ። ያን ሚዜ ጤናዬ ከማንም በላይ ታውቀዋለች።

ስለ እሱ ኋላ እንመጣበታለን። መጀመሪያ በሩ ይከፈት።

የከፈተችው ሴት ወርቄ ትባላለች። ዕድሜዋ ከአርባ አይዘልም፣ ፊቷ ግን ቀድሟት ሄዷል። ቁልፉን በአንገቷ አንጠልጥላ ከቀሚሷ ሥር ትከተዋለች። ሻይና ዳቦ አስቀመጠች፤ ከኋላዋ ደግሞ አንዲት ቀጭን ልጅ ገባች። ሠርካለም ትባላለች፣ የበየዳ ልጅ ናት። የጤናዬን እንሶስላ አየችና ከንፈሯን መጠጠች።

«አንቺንም አገባሽ?»

«ማን?»

«ሰብስቤ ነዋ። ባሌ።»

ጤናዬ ሳቅ ሊያመልጣት ነበር። ሠርካለም ግን የምትቀልድ አልነበረችም። እሷ የተዳረችው በጥቅምት ነው። ሽማግሌዎቹ ሌሎች ነበሩ፤ ቪዛውና ቁርባኑ ግን ያው ነበር። ከእሷ በፊት የነበሩትን መኪና እየመጣ ወስዷቸዋል፤ እስከ ድንበር፣ ከዚያም በረሃውን አሻግሮ ለሌላ ሰው የሚያስረክብ መኪና። እሷ እስካሁን የቀረችው መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ሲዘጋ ሲከፈት ስለከረመ ብቻ ነው። ይህን ሁሉ የተናገረችው ስለ ሌላ ሰው እንደምታወራ ሆና ነበር።

«ሚዜሽስ?» አለች ጤናዬ። «ሚዜሽ ምን አለ?»

«ምን ይላል፣ እሱው አይደለም እንዴ በመኪና ያመጣኝ? አብሮ ነው የሚሠራ።»

ጤናዬ የተቀመጠችው ይህን ስትሰማ ነው። የባሏን ነገር ስትሰማ ቆማ ነበር።

እንግዲህ ስለ ሚዜው። ሙሌ በቅሎ ነጂ ነው። አገሩ ሰላም በነበረ ጊዜ የእንግዶችን ጓዝ እየጫነ ከደባርቅ እስከ ሳንቃ በር ይወጣ ነበር፤ እንግዳው ሲጠፋ የገበሬውን ድንችና ገብስ ወደ ገበያ ማመላለስ ያዘ። ጤናዬን ያገኛት በነሐሴ፣ ወንዝ ሞልቶ ገበያተኛው ዳር ላይ ተኮልኩሎ ሳለ ነው። ጭነቱን አራገፈና እሷን በቅሎው ላይ አወጣት፤ ልጓሙን ይዞ እስከ ወገቡ ውሃው ውስጥ ገባ። እሷ በፍርሃት ጋማውን ጨብጣለች። እሱ አንዴ ዞር ብሎ አያት። ከዚያ ወዲያ ማዶ እስኪደርሱ አልዞረም፤ ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር፤ እሷም ልብ አለችው።

ከዚያ በኋላ በየገበያው ቀን የሙሌ መንገድ በእነሱ ደጅ በኩል ሆነ። በእነሱ ደጅ በኩል ወደ ገበያ የሚወስድ መንገድ የለም። እናቷ ወይዘሮ ወለተ ማርያም፣ ይህ ልጅ አገሩ ይጠፋዋል እንዴ እያሉ ይስቁ ነበር። ሰላም ይባባላሉ፣ ስለ ዝናቡ ያወራሉ፣ ከዚያ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ለጤናዬ ዝምታው ነበር የሚጣፍጣት። ሽማግሌ እስኪልክ ጠበቀች። ሽማግሌም መጣ፤ የእሱ ግን አልነበረም። እሱ የመጣው በሠርጉ ቀን፣ ሚዜ ሆኖ ነው።

በእነሱ አገር አንደኛ ሚዜ አጃቢ ብቻ አይደለም። በሙሽራዪቱ ወላጆች ፊት ይምላል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንድሟ ነው። ባሏ ቢበድላት የምትነግረው ለእሱ ነው። ቤቷ ገብቶ ብቻዋን ቢያዋያት ማንም ክፉ አያስብም። ለመልስ ወደ ወላጆቿ ቤት ስትሄድ ከፊት የሚቀድመው እሱ ነው። ባሏ ቢሞት እንኳ ሊያገባት አይችልም፤ እህቱ ናትና። ሙሌ ይህን ሲምል ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ጤናዬ በመሸፈኛዋ ሥር ሆና ዓይኑን ፈለገችው፤ እሱ መሬት መሬቱን ያያል። ከዚያ በእጁ አንሥቶ በቅሎዋ ላይ አስቀመጣት።

ያን ቀን ያልወደዳት መስሏት ነበር። አሁን፣ በተቆለፈው ክፍል ውስጥ፣ ለካስ ሸጦኝ ኖሯል አለች። ሰብስቤን እንደሆነ አንዴ ጠልታ ጨርሳዋለች። ሙሌን ለመጥላት ግን በየማለዳው እንደ አዲስ መጀመር ነበረባት።

ክፍሉ አንዲት መስኮት አለችው፤ እሷም በብረት ታጥራለች። በመስኮቱ የሚታየው ስባሪ ጠርሙስ የተተከለበት የግቢው አጥር ብቻ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ደባርቅ ውላ ታድራለች፤ ባጃጁ ይጮኻል፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ ጠዋት ጠዋት ደወል ይሰማል። ሰው እንዲህ ቅርብ ሆኖ እንዴት አይሰማኝም እያለች ትገረማለች። አንድ ቀን መጮኽ ጀምራ ነበር። ሰብስቤ ገባ፤ አልመታትም፣ አልተቆጣትምም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና ታናሽ እህቷ የትናየት እንዴት እንደሆነች ጠየቃት።

«ጎበዝ ልጅ ናት» አለ። «አባትሽ ያምኑኛል። አረብ አገር ሥራ አለ ብላቸው ነገውኑ በእጃቸው ያመጡልኛል። ካንቺ ጋር ከተስማማን ግን እሷን ለምን አስቸግራታለሁ?»

ከዚያ ቀን ወዲህ አልጮኸችም። እናቷ ሲደውሉ ሰብስቤ ስልኩን በድምፅ ማጉያ አድርጎ አጠገቧ ይቀመጣል። ወይዘሮ ወለተ ማርያም ጾሙ ሳይገባ ለመልስ እንድትመጣ ይለማመጧታል፤ ጠላው ተጠንስሷል፣ በጉ ታስሯል ይሏታል። እሷ እሺ ትላለች። ድምፅሽ ምን ሆነ ሲሏት፣ የደባርቅ ብርድ ነው ትላለች። ስልኩ ሲዘጋ ሰብስቤ፣ «ጎሽ» ይላታል፤ ያቺ «ጎሽ» ከስድብ በላይ ታንገፈግፋት ነበር።

ወርቄ አንዳንዴ ምግቡን አስቀምጣ ወዲያው አትወጣም። እሷም በዚሁ መንገድ ሄዳ የተመለሰች ናት። በሰው ቤት ስታገለግል ኖራ ባዶ እጇን ስትመለስ፣ ሀብታም ሆናለች ብሎ የሚጠብቃት ቀዬዋ መግባት አፈረች። ሰብስቤ ያገኛት ያኔ ነው፤ ቤት ጠብቂልኝ አላት። ቤቱ ምን እንደሆነ ያወቀችው ከገባች በኋላ ነው ትላለች። ጤናዬ፣ ታዲያ ካወቅሽ በኋላ ለምን አልወጣሽም ብላ ጠየቀቻት። ወርቄ ቁልፉን ከቀሚሷ ሥር አውጥታ ወጣችና ቆለፈች።

በቅበላው ሳምንት፣ ከቀትር በኋላ፣ የሙሌ ድምፅ ከደጅ ተሰማ።

ጤናዬ መጀመሪያ ጆሮዋን አላመነችም። ሚዜው ነኝ፣ ሙሽሪትን ልጠይቅ ነው የመጣሁ ይላል። ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ወጥቶ ፀሐይ በሚሞቅበት ሰዓት ሚዜን ከበር መመለስ ነገር ማስነሣት ነው፤ ሰብስቤም ይህን ያውቃል። ሠርካለምን ወደ ጓዳ አስገቡ። ጤናዬን ነጠላ አልብሰው ሳሎን አስቀመጧት። ሰብስቤ ሲያልፍ ጎንበስ ብሎ፣ «የትናየትን አስቢ» አላት።

ሙሌ ገባ። ከወይዘሮ ወለተ ማርያም የተላከ ማር ይዟል። ከስቷል። ከሰብስቤ ጋር ተቃቅፈው ተሳሳሙ፤ ጤናዬ ይህን ስታይ ፊቷን አዞረች። ወርቄ ጠላ ቀድታ ወጣች። ሙሌ የመልሱን ነገር አነሣ፤ ጾሙ እየገባ ነው፣ የሙሽሪት እናት ደግሰው እየጠበቁ ነው፣ ሰዉም ማውራት ጀምሯል አለ። ሰብስቤ የመንገዱን አለመታመን እያነሣ ያስረዳዋል። በዚህ መሃል ስልኩ ጮኸ። እቤት ውስጥ ኔትወርኩ ስለተቆራረጠበት፣ አንድ እግሩን ደፉ ላይ አድርጎ ሄሎ ሄሎ ሲል ቆየና ወደ ግቢው ወጣ።

ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

«እህቴ፣ ደህና ነሽ?» አለ ሙሌ ቀስ ብሎ።

ዝም አለች። ይህ ያ የድሮው ዝምታ አልነበረም።

«ምን አጠፋሁ? ዓይንሽ እንኳ አላየኝም።»

«እህቴ አትበለኝ» አለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር። «አብረህ ሸጠኸኝ ስታበቃ እህቴ አትበለኝ። እዚያ ጓዳ ያለችውም ሚስቱ ናት። የእሷም ሚዜ እንዳንተ ማለላት።»

የሙሌ ፊት አመድ መሰለ። ወደ ጓዳው በር ዞረ። መቀርቀሪያው በዚህኛው በኩል ነው፤ ውስጥ ያለ ሰው ሊከፍተው አይችልም። ለረጅም ጊዜ መቀርቀሪያውን አየ። ከዚያ እሷን አያት፤ ጤናዬም አየችው፤ ያን ፊት ማስመሰል የሚችል ሰው እንደሌለ ታወቃት።

«መቼ ነው?» አላት በሹክሹክታ።

«መኪና ሲገኝ።»

የሰብስቤ እርምጃ ደፉ ላይ ተሰማ። ሙሌ የጠላውን ብርጭቆ አነሣና ስለ በግ ዋጋ ማውራት ጀመረ። ብርጭቆውን ሳይቀምስ መልሶ አስቀመጠው። ሰብስቤ መልሱ ከፋሲካ በኋላ ይሁን ብሎ ቆረጠ። ጤናዬ ሙሌ የሚለውን ጠበቀች።

«ይሁን፣ አንተ እንዳልክ» አለና ተነሣ። ሰብስቤን ስሞ ወጣ።

ፊቱን ልመን ወይስ ቃሉን? ጤናዬ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። ፊቱ አላውቅም ብሏል፤ ቃሉ ይሁን ብሏል። እንደማያውቅ ብታምን እንኳ፣ አውቆስ ምን ያደርጋል? ይህ ሰው በወንዙ ማዶ አንዲት ቃል መናገር ያቃተው ሰው ነው። ሠርካለም ነገሩን ስትሰማ ተስፋ እንዳታደርግ መከረቻት፤ ተስፋ ካደረጉ በኋላ መሄድ ይብሳል አለቻት።

ሰብስቤም የሆነ ነገር ሸቶታል። በማግሥቱ ማለዳ አይሱዙ ግቢው ውስጥ ገብቶ ቆመ። የገብስ ኬሻ ተጭኖበታል፤ ከኬሻው መሃል ሁለት ሰው ተኮራምቶ የሚቀመጥበት ጉድጓድ መሰል ቦታ ተትቷል። ሠርካለም ወጣችና ኬሻው መሃል ገባች። ጤናዬ የመኪናውን ብረት በሁለት እጇ ጨበጠች። ሰብስቤ አላስገደዳትም፤ የእህቷን ስም ብቻ ጠራ። ጣቶቿ ብረቱን ለቀቁ።

ኬሻ ከላይ ደረደሩባቸው። ሸራው ተጎተተ፤ ጨለመ። የገብሱ ብናኝ ጉሮሮዋን ዘጋው። ጉልበቷ ከሠርካለም ጉልበት ጋር ተጣብቆ አንዱ ከሌላው አይለይም። ልትጸልይ ሞከረች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ በቃሏ የምታውቀው ውዳሴ ማርያም ከመጀመሪያው መስመር አልፎ አልሄድላት አለ። ሞተሩ ተነሣ። ኬሻዎቹ መንቀጥቀጥ ጀመሩ።

ከበሮ የሰማችው ያኔ ነው።

ከሩቅ ነበር፤ ከዚያ ቀረበ። የሠርግ ከበሮ ነው። ጭብጨባ አለው፣ እልልታ አለው፣ የሴቶች ዘፈን አለው። የባጃጅ ጥሩምባ ተጨመረበት። ሰልፉ የዋናውን መንገድ ለቆ ወደ እነሱ ሰፈር ታጠፈና በትክክል ከግቢው በር ላይ ቆመ። አይሱዙው ሊወጣ ቢል በሙሽራ አጃቢ ላይ መንዳት ሊኖርበት ነው። ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

ሙሌ ከደባርቅ በቀጥታ ወደ ዳባት ነበር የወረደው። ለመሪጌታ ሁሉንም ነገራቸው፤ ለፖሊስም አመለከተ። ግን ወሬው ቀድሞ ሰብስቤ ጆሮ ከገባ፣ ልጅቱን በሌላ በር አውጥቶ ሰማንያውን ማሳየት አያቅተውም። ስለዚህ የተደገሰውን ድግስ ይዘው ተነሡ። ሚዜ ሙሽሪትን ለመልስ ሲወስድ ማን ይጠረጥራል? ሁለት ፖሊሶች ነጠላ አጣፍተው ከሽማግሌዎቹ መሃል ቆመዋል። ያማጡት ሽማግሌዎችም አሉበት፤ ማንም አልቀረም። እነዚያ ሰዎች ያን ቀን እንዴት እንዳጨበጨቡ ደባርቅ ዛሬም ያወራል፤ እያለቀሱ ነበር የሚያጨበጭቡት።

«ልጃችንን ለመልስ ልንወስድ መጥተናል» አሉ መሪጌታ ከደጅ። «ክፈቱልን።»

ሰብስቤ ለወርቄ ትናንት ሄደዋል በያቸው አላት፤ ጤናዬ ኬሻው ሥር ሆና ሰማችው። ወርቄም ይህንኑ ከበሩ ሥር ተናገረች። ከበሮው ቀዘቀዘ። ደጅ የቆሙት እርስ በርስ ሲንሾካሾኩ ይሰማል። በዚያ መሃል አንዲት ቀጭን ድምፅ ብቻዋን ዘፈኑን ቀጠለች፤ የትናየት ናት።

ጤናዬ አፏን በእጇ ይዛ ነበር፤ ለቀቀችው። እህቷ እዚያ ናት፤ ከእናቷ ጋር፣ ከአገር ሰው ጋር፣ በጠራራ ፀሐይ። ሰብስቤ ምንም ሊያደርጋት አይችልም። ታዲያ እኔን እስካሁን ያሰረኝ ምን ነበር አለች።

ሙሽራ ለራሷ እልል አትልም፤ በዚያ አገር እንዲህ ያለ ነገር ታይቶም አያውቅ። ጤናዬ አለች። ጉሮሮዋን የዘጋው ብናኝ እስኪፈነቀል ድረስ እልል አለች። ሠርካለም ደንግጣ አየቻት፤ ወዲያው እሷም ተቀበለቻት። ሁለቱ ሙሽሮች ከገብስ ኬሻ ሥር እልልታውን አቀለጡት። ደጅ የነበረው ሁሉ ጸጥ አለ፤ እልልታው ከየት እንደሚመጣ ሁሉም ሰምቷል።

«ቁልፉን አምጪ» አለ ሰብስቤ።

ወርቄ ወደ እሱ አልሄደችም። ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ የግቢውን በር ከፈተች፤ ከዚያ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች።

መጀመሪያ የገባው ሙሌ ነው። ኬሻውን አንድ በአንድ እያነሣ ሲወረውር፣ ጤናዬ ከሥር ሆና ሲያቃስት ትሰማው ነበር። ብርሃኑ ሲደርስባት ከኋላው እናቷን አየች። ሰብስቤ በጓሮው አጥር ሊዘል ሲሞክር ጠርሙሱ እጁን ቆረጠው፤ ፖሊሶቹ እዚያው ያዙት። ሠርካለም ዘመዶቿ ከበየዳ ወርደው እስኪወስዷት ከጤናዬ ጋር አንድ አልጋ ላይ ተኛች። ፍርድ ቤት ስለ ወርቄ በጠየቃት ጊዜ ጤናዬ ሁለቱንም ተናገረች፤ የቆለፈችብን እሷ ናት፣ የከፈተችልንም እሷ ናት። አልፋም በእስር ቤት ጠየቀቻት፤ ስንቅም ወሰደችላት። ይቅር ብያታለሁ ብላ ግን ለማንም አላወራችም።

ከሙሌ ጋር ያለው ነገር ከዚህ ሁሉ ከበደ።

በዐቢይ ጾም መካከል መጣ። ወንድም ነውና ማንም አልከለከለውም። ወይዘሮ ወለተ ማርያም ሽሮ አቀረቡለት፤ ሳይነካው ቆየ። እሳቸው ነገር ገብቷቸው ውሃ ለመቅዳት ወጡ። ሙሌ ሰብስቤን አስቀድሞ እንደማያውቀው፣ ገበያ ላይ እንዳገኘውና ሚዜ ሁነኝ እንዳለው ነገራት። ሙሽሪት ማን ናት ብሎ ሲጠይቀው የእሷን ስም ጠራለት።

«እና?» አለች።

«እና እሺ አልኩት። ከበቅሎ በቀር ምንም የለኝም። የመሪጌታን ልጅ ስጡኝ ብዬ ሽማግሌ ብልክ መሣቂያ እሆናለሁ ብዬ ፈራሁ። ሚዜ ከሆንኩ ግን ዕድሜ ልኬን ቤትሽ እገባለሁ፤ ደህና መሆንሽን እያየሁ እኖራለሁ አልኩ።»

ጤናዬ የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠች። «ትወደኝ ነበር?»

«እወድሽ ነበር። አሁንም እወድሻለሁ።»

ይህን ቃል ከነሐሴ ጀምሮ ስትጠብቀው ነበር። አሁን ሲመጣ እንደ እሳት አቃጠላት።

«ሰብስቤ አላወቀኝም፣ አልወደደኝም፤ ሥራው ነው። አንተ ግን እየወደድከኝ በገዛ እጅህ አንሥተህ ሰጠኸኝ። እሱን ይቅር ማለት ሳይቀለኝ አይቀርም። ተነሥና ሂድ።»

ሄደ። ከዚያ በኋላ ደጃቸውን አልረገጠም። ቤተ ክርስቲያን ታየዋለች፤ እሱ በወንዶች በኩል፣ እሷ በሴቶች በኩል። እሷ ስታየው እሱ አንገቱን ይደፋል፤ ስታቀረቅር ዓይኑ እንዳረፈባት ይሰማታል። መንደሩ ለእሷ ሌላ ግቢ ሆነባት። ሲያልፏት ከንፈር ይመጣሉ፤ ማንም እንደ ልጃገረድ አያጫውታት፣ እንደ ባለትዳርም አይጠይቃት። ሙሌን ብትናፍቅ እንኳ ወንድሟን መናፈቅ ነው። ጠልታው ብትጨርስ ኖሮ ይሻላት ነበር፤ አልሆነላትም።

አንድ ከሰዓት አባቷ ደብተራቸውን አጥፈው ተቀምጠው ሳለ ፊት ለፊታቸው ቆመች።

«አባባ፣ ያ ሠርግ ሠርግ ነበር?»

መሪጌታ ቀና ብለው አዩዋት። «አልነበረም» አሉ። «ያን ጊዜ አንቺን ብጠይቅሽ ኖሮ አይሆንም ትዪኝ ነበር?»

«አዎ።»

«አልጠየቅሁሽም» አሉና ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ።

የጥያቄዋ ምሥጢር ገብቷቸው፣ በሳምንቱ የንስሐ አባታቸውን ቄስ ድረስንና ያገር ሽማግሌዎችን አስጠሩ፤ ሙሌንም አስመጡት። ሽማግሌዎቹ ነገሩ ቀላል ነው አሉ፤ ሠርጉ ሐሰት ከሆነ ሚዜነቱም ሐሰት ነው፣ መሐላውም ፈራሽ ነው። ሁሉም ተስማሙ። ያልተስማማው ሙሌ ብቻ ነው።

«ሠርጉ ሐሰት ነው» አለ። «እኔ ግን ስምል ከልቤ ነበር።»

ጤናዬ ከጓዳ ሆና ይህን ሰማች። ልጁ በገዛ አፉ ራሱን መልሶ እያሰረ ነው። እሱን ነጻ ለማውጣት የተሰበሰበውን ሽማግሌ ሁሉ እምቢ ብሎ፣ ለእሷ የማለላትን መሐላ ሐሰት አትበሉብኝ ይላል። ከልቧ ላይ የሆነ ነገር ሲላላ ተሰማት።

ቄስ ድረስ ነገሩን አመዛዘኑ። ሳያጣራ በመማሉ፣ ደግሞም ራሱ እንደተናዘዘው የማለላትን ልጅ በመመኘቱ ቀኖና ሰጡት፤ እስከ ፋሲካ በስግደት ይከርማል። ከዚያ ወደ ጓዳው ዞረው ጤናዬን ጠሯት። መሐላው የተማለው ለእሷ ነውና የምትፈታውም እሷ እንደሆነች ነገሯት።

መሃል ላይ ቆመች። ይህን ያህል ወንድ ዝም ብሎ ቃሏን ሲጠብቅ ዕድሜዋን ሙሉ አይታ አታውቅም።

«ከወንድምነት ፈትቼዋለሁ» አለች። «ስላጠፋውም ይቅር ብዬዋለሁ። ሌላውን ግን ገና አላሰብኩበትም። የሚፈልገው ነገር ካለ መጥቶ እኔን ይጠይቀኝ።»

መሪጌታ ሳቁ። ከዚያ ሠርግ ወዲህ ሲስቁ የታዩት ያን ቀን ነው።

ፋሲካ አለፈ፣ ሙሌም መጣ። ደጅ ላይ ቆሞ፣ ጎረቤት እየሰማ፣ ታገቢኛለሽ ወይ ብሎ ጠየቃት። ጤናዬ ነገ ና አለችው። በማግሥቱ መጣ፤ አሁንም ነገ አለችው። እናቷ ይህ ልጅ ሥራ ሊፈታ ነው ብለው ተቆጧት። እሷ ግን ማሾፏ አልነበረም። ማታ ስትተኛ፣ ነገ አዎም ብል አይሆንም ብል የእኔ ነው እያለች ነበር የምትተኛው፤ ያን እንቅልፍ ትንሽ ልትጠግበው ፈለገች። ሙሌም የገባው መሰለ፤ አንድም ቀን አላኮረፈም፣ አንድም ቀን አልቀረም።

በአንድ የገበያ ቀን ማለዳ፣ ሳይጠይቃት፣ እሷ ወደ እሱ ሄደች። ቤቱ ደጃፍ ላይ በቅሎውን እየጫነ ነበር፤ የነጭ ሽንኩርት ኬሻ በሁለት ክንዱ አቅፎ ሊያነሣ ሲል አጠገቡ ቆመች።

«ሙሌ።»

«አቤት።»

«እሺ።»

«እሺ ምኑ?»

«የጠየቅኸኝ ነዋ።»

ሙሌ ኬሻውን እንዳቀፈ ቀረ። አያስቀምጠው፣ አያነሣው። ዓይኑ ሞላ። ጤናዬ ጥቂት ጠበቀችው። ከዚያ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረችና በበቅሎው ወዲያኛው ጎን ዞራ የጭነቱን ገመድ ያዘች።

«በል አንሣው» አለችው፣ «ገበያው ሳይበተን።»